የሐሙስ ቺዝ ስቴክና የቅዳሜ መርዶ

ቁማር ተጫውቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጸሎት ቤታችን ሰዎች ያነቡት ይሆናል ብዬ ነው። ይሁን እንጂ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ አለ፤ እዚያ ፎቅ ላይ ያለው ካሲኖ በር ጠባቂዎች ከሩቅ ያውቁኛል። በእንግሊዝኛ "አቶ ሐሙስ መጡ" ይሉኛል። እኔም ኮፍያዬን ግንባሬ ላይ ጎትቼ፣ በሚያብረቀርቁትና በሚጮኹት ማሽኖች መካከል አንገቴን ደፍቼ፣ ወደ ውስጠኛው የምግብ አዳራሽ አልፋለሁ። ወገን ቢያየኝ ምን እላለሁ እያልኩ ስንት ሐሙስ ተሳቅቄያለሁ! አንድ ቀን ከመዘምራኑ አንዷን እህታችንን እዚያው አየኋት። እሷም አየችኝ። ሁለታችንም እንዳልተያየን ሆነን ተላለፍን፤ ነገሩ እስከ ዛሬ አልተነሣም።

የምሄደው ለቺዝ ስቴክ ነው። አዳራሹ ውስጥ ፒዛም፣ ዶሮም፣ የቻይና ምግብም አለ፤ እኛ የምንወደው ግን ጥግ ላይ ያለውን ትንሽዬ ቤት ነው። ሥጋው እንደ ወረቀት ሳስቶ ይቆረጥና በጋለ ሰፊ ብረት ላይ ከሽንኩርት ጋር ይጣላል። ሠራተኛው በሁለት ብረት ማገላበጫ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይከትፈዋል፣ ላዩ ላይ ቺዝ ያለብሰዋል፣ ቺዙ ሲቀልጥ ሰብስቦ በረጅም ዳቦ ሆድ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። የአሜሪካኖች ነው ይላሉ። ጓደኛዬ ግን "ጥብስ ነው፤ ዳቦ ስላለበሱት ዜግነቱን አይቀይርም" ባይ ነው።

ይህ ጓደኛዬ የካሲኖው የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው። እሱም አይጫወትም፤ "ሆዳቸውን ከፍቼ አይቻቸው፣ እንዴት ብዬ አምናቸዋለሁ" ይላል። የተዋወቅነው ከሃያ ዓመት በፊት ሼፈርድስ ቡሽ አንድ ቤት ተጋርተን ስንኖር ነው። አንድ ማንኪያ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ብርድ ልብስ የነበረን ጊዜ። እኔ አሁን ከካምደን ክላፋም የሚመላለስ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ገና ሳይነጋ ገብቼ እኩለ ቀን ላይ እወጣለሁ። የእሱ የምሳ ሰዓት ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ነው። ስለዚህ እንገናኛለን።

ለምን ሐሙስ? እሱ ኦርቶዶክስ ነው። ረቡዕ ይጾማል፣ ዓርብ ይጾማል። በሁለት ጾም መካከል የተወሸቀችውን ሐሙስን እንደ ፋሲካ ያከብራታል። "አንተ ጴንጤ፣ ጾም ስለሌለብህ የሥጋን ጣዕም አታውቀውም" ይለኛል። "እኛ ስንጾም ውሃ አንቀምስም፤ እናንተ ናችሁ ጾም ብላችሁ ሽሮውን በዘይት የምታሰምጡት" እለዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይቺኑ ተባብለናል፣ አልሰለቸንም። ከኪሱ በባዶ የቫይታሚን ብልቃጥ የያዘውን ሚጥሚጣ ያወጣል፣ ዳቦውን ገለጥ አድርጎ ይነሰንሳል፣ ያማትባል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያስቆመውም።

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ ነው ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ቂም የያዝኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ናዝሬት ሞተች። ረቡዕ ዕለት ነው የሞተችው፤ የተቀበረችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ጓደኛዬ ያን ሐሙስ ጠዋት ሰምቷል። ሌሎችም የለንደን ወዳጆቼ ሰምተዋል። እኔ አልሰማሁም። በደንቡ መሠረት መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ በሩ ይንኳኳል። እዚህ አገር ደግሞ ሁሉም ሥራ ላይ ስለሆነ ቅዳሜ እስኪመጣ ይጠበቃል። እስከዚያ ባለ ሐዘኑ ይጠበቃል፣ ስልኩ ይጠበቃል፣ በተለይ ደግሞ ይመገባል። ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ደህና አድርጎ ይብላ ነው ሐሳቡ።

ጓደኛዬ ደህና አድርጎ አበላኝ። ያን ሐሙስ እዚያው ጥግ ተቀምጠን ሁለት ቺዝ ስቴክ በላሁ፤ ሁለት! ሁለተኛውን እሱ ነው በግድ ያዘዘልኝ። እየቀለድኩ፣ እየሳቅኩ፣ ከጣቴ ላይ ቺዝ እየላስኩ በላሁ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ፤ ብከፍተው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጥቁር የለበሱ ወንዶች ደረጃውን ሞልተውታል። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። "መቼ?" አልኩ። ነገሩኝ። ቆጠርኩት። አፈር ሲጫንባት እኔ ሥጋ እያኘክሁ ነበር።

አላለቀስኩም። ተናደድኩ። "ውጡልኝ" አልኳቸው፤ ለእኔ ብለው ከየአልጋቸው የተነሡትን ሰዎች፣ አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ጭምር፣ በር ዘግቼ መለስኳቸው። እንዲህ ያለ ነውር በለንደን ሐበሻ ዘንድ ተሰምቶ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች አለማልቀሴን አይተው "ጌታ አጽንቶታል" አሉ። አላጸናኝም። ንዴቴ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ ለእንባዬ መንገድ ከልክሎት ነው እንጂ። ከጓደኛዬ ጋር ስድስት ወር አልተነጋገርንም። ከዚያ አንድ ሐሙስ ደውሎ "ዛሬ ብቻዬን ልብላ?" አለኝ። ሄድኩ። ስለዚያ ቀን እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ። እኔ ግን በልቤ ማልኩ፤ በእኔ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ በእኔ እጅ አይደርስም ብዬ።

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ክላፋም የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶቡሴን አቁሜ ሻይ ስጠጣ ስልኬ ጮኸ። የጓደኛዬ ታላቅ እህት ነበረች፣ ከደብረ ብርሃን።

"አባባ ሌሊት አረፉ" አለችኝ። ድምፅዋ ደርቋል።

"ውይ እትዬ! ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናዎት።"

"ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ስማኝ ወንድሜ፣ እሱ ደም ግፊት አለበት፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። እንዳትነግሩት። ቅዳሜ ሰው ሰብስባችሁ፣ እንደ ደንቡ አርዱት። እስከዚያ ከእሱ አትለይ። ደህና አድርጎ ይብላ። አደራህን፣ በእናትህ!"

በእናትህ አለችኝ። አላወቀችም እንጂ።

"እሺ እትዬ" አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው። ከክላፋም ወደ ካምደን ስመለስ ግን በየፌርማታው ሒሳቤ አንድ ብቻ ነበር። የማታው በረራ በሦስት ሰዓት ይነሣል። ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ አዲስ አበባ ያርፋል። ደብረ ብርሃን በመኪና ቢዘገይ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ዛሬ በጊዜ ከተነገረው አባቱን ይቀብራል። ቅዳሜ ከተነገረው ግን እንደ እኔ መቁጠር ይጀምራል። ስልኩን የካሲኖው ሠራተኞች ሁሉ እንደሚያደርጉት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ነው የሚውለው፤ እስከ ሰባት ሰዓት ከማንም አይሰማም። እስከዚያ ልድረስበት እንጂ አልኩ። አደራ በላ መባል እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ይሁን!

እውነቱን ልናገር፤ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ትንሽ ትዕቢትም ነበረበት። እንዴት እንደሚነገር ላሳየው ፈልጌ ነበር። አንተ እያሳቅህ አበላኸኝ፣ እኔ ግን ሳትጎርስ በፊት እነግርሃለሁ፤ እንደ ሰው፣ ፊት ለፊት፣ በቀጥታ። ይህንን ስድስት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ይመስል ቃሉ ሁሉ አፌ ላይ ተደርድሮ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ጠባቂዎቹ "አቶ ሐሙስ" አሉ፤ አልፌያቸው ገባሁ። ከማሽኖቹ ራቅ ያለች ጠረጴዛ መርጬ ልቀመጥ ዞር ስል ግን ጓደኛዬ ራሱ ትሪ ይዞ፣ ሁለት ቺዝ ስቴክ ጭኖ፣ ከፊቴ እየሳቀ ይመጣል።

"ዛሬ ማሽኑ ቶሎ ታዘዘልኝ፣ ቀድሜህ ወጣሁ። ቁጭ በል፣ ግብዣው የእኔ ነው።"

"ስማኝ፣ መጀመሪያ..."

"ምን መጀመሪያ አለው! ይቀዘቅዛል።" ብልቃጡን አወጣ፣ ነሰነሰ፣ አማተበ።

"እባክህ ስማኝማ፣ አንድ ነገር..." ብዬ አፌን ስከፍት፣ እሱ የዳቦውን ጫፍ ከነሥጋው ቆርሶ አጎረሰኝ።

ጉርሻ እንዴት ይተፋል? እጁ አፌ ላይ ነው፣ ዓይኑ ዓይኔ ላይ። ተቀበልኩ። "አንድ ያጣላል" ብሎ ሁለተኛውን ደገመኝ። አኘክሁ። ሥጋው ትኩስ ነበር፣ ሽንኩርቱ ጣፋጭ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሞተ አባት መርዶ በአፌ ይዤ የልጁን ጉርሻ እውጣለሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ሚጥሚጣው በዛብህ?" አለኝ እየሳቀ።

"አዎ" አልኩት። ዋሸሁ! የማልኩለትን ነገር በመጀመሪያዋ ደቂቃ አፈረስኩት።

እሱ መብላት ጀመረ። አሁን እነግረዋለሁ፣ ይቺን ይዋጣት፤ አሁን እነግረዋለሁ፣ ያቺንም ይዋጣት። ለካ እንዲህ ነው! ሰው ሲበላ ማቋረጥ የሚሉት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። አፉን እያየሁ ይብላ፣ ትንሽ ይጨምር፣ ነገ አይበላምና እያልኩ ራሴን ያዝኩት። እትዬ በስልክ ያለችኝን፣ እኔ ስድስት ዓመት የረገምኩትን፣ ቃል በቃል በሆዴ እያልኩት ነው።

"አባዬ ትናንት በስልክ ምን አለኝ መሰለህ?" አለ አፉን ሞልቶ። "ጆሮው አይሰማም አይደል፤ ሦስቴ ስጮኽበት ቆይቶ፣ 'ድምፅህ ወፍሯል ልጄ፣ ሥጋ አብዝተሃል መሰለኝ፣ ለነገው ሐሙስ እንኳ ቀነስ አድርግ' አይለኝም መሰለህ! ሐሙስን ማን ነገረው? ሰላይ አለው እዚህ አገር!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ቺዝ አገጩ ላይ ወረደ።

አልቻልኩም። የያዘውን ቺዝ ስቴክ ከነእጁ ያዝኩት።

"አስቀምጠው።"

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"አስቀምጠው፣ ወንድሜ። አባባ አረፉ። ሌሊት ነው ያረፉት። ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ከተነሣን የማታውን በረራ ትደርሳለህ።"

በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ፌርማታ ስም ጠርቼ ጨረስኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ያዘጋጀሁት ቃል ይኸው ነው።

ጓደኛዬ አየኝ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ አየ። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሰው ነበር የሚፈልገው። እኔ መሪ ሆኜ ቀድሜ ገብቼ፣ ሌሎቹ ከኋላ የቆሙ መስሎት ነበር።

"ማን ማን አለ?" አለኝ።

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ሌላ ሰውስ?"

"ሌላ ሰው የለም።"

ከኋላችን አንዱ ማሽን ለአንዱ ሰው ደረሰለትና የደስታ ሙዚቃውን ለቀቀው። ጓደኛዬ የሚጥሚጣውን ብልቃጥ ክዳን ፈልጎ ቀስ ብሎ ገጠመው። አገጩን በወረቀት ጠረገ።

"ለአባቴ ብቻህን መጣህ" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። "አባቴ ሰው የሌለው ሰው ነው?"

"ቀብሩ እንዳያመልጥህ ብዬ እኮ ነው። እኔ እንደሆንኩት እንዳትሆን..."

"አውቃለሁ" አለ። "ገብቶኛል። አመሰግናለሁ።" አመሰግናለሁ የምትለዋ ቃል እንደዚያ ቀን ቀዝቅዛ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ሆነ። አለቃው ደግ ሰው ኖሮ "አሁኑኑ ሂድ" አለው። ስልኩን ከቁም ሳጥኑ አወጣና ሳይከፍተው ለእኔ ሰጠኝ። "ያዝልኝ፣ አሁን አላየውም" አለ። ባቡሩ ከምሥራቅ ለንደን እሱ አሁንም እስከሚኖርበት ሼፈርድስ ቡሽ ድረስ ሳይቀየር ይሄዳል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር በመሬት ውስጥ አቋረጥናት። እኔ በስልኬ ቲኬት ቡክ አደርጋለሁ፤ መስመሩ ይቋረጣል፣ ይመለሳል፣ የቀሩት መቀመጫዎች ጥቂት ናቸው እያለ ያስፈራራኛል። ከፊት ለፊታችን አንዷ መጽሐፍ ታነባለች፣ አንዱ ሙዚቃ ያዳምጣል። ጓደኛዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ፎቶ ሊነሣ የተቀመጠ ሰው ይመስል ቀጥ ብሎ ነበር።

"ብታለቅስ ይወጣልህ ነበር" አልኩት።

"እዚህ?" አለኝ። ዓይኑን ከፊት ለፊቱ አልነቀለም። "ማን ይዞኝ?"

ማን ይዞኝ። እኔ መርዶ ማለት ወሬ ነው ብዬ ነበር። ወሬ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ሲደርስ ነው ጥሩ፤ እንደ አውቶቡስ። ለእሱ ግን መርዶ ማለት የሚይዙህ እጆች ናቸው። ሽማግሌው፣ የሴቶቹ ዋይታ፣ "አይዞህ" የሚለው፣ ውሃ የሚያመጣው፣ ራስህን ከግድግዳ እንዳታጋጭ ወገብህን አቅፎ የሚይዝህ ጎልማሳ። እኔ ወሬውን ሰጠሁትና እጆቹን ነሣሁት። ለእኔ የመጡልኝን እጆች ራሴ በር ዘግቼ መልሻቸዋለሁ፤ እሱ ግን ምን አደረገ? በእኔ ቁስል ልክ የእሱን መድኃኒት ቆረጥኩለት።

ቤቱ ስንደርስ ፓስፖርቱን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት ቢጫ ካርዱን፣ አንድ ጥቁር ኮትና ሁለት ሸሚዝ በትንሽ የእጅ ቦርሳ ከተተ። ትዳሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቤቱ ጭር ያለ ነው። በመሐል ላቅፈው ሞከርኩ። ቀጥ ብሎ ቆመልኝ፣ እንደ በር። ኮሪደር ወጥቼ ለአራት ሰዎች ደወልኩ፤ ኑ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ኑልኝ ልል። አንዷ ሆስፒታል ሥራ ላይ ናት፣ አንዱ መንገድ ላይ መኪና እየነዳ ነው፣ አንዱ አላነሣም። አራተኛው፣ ያኔ ከቤቴ የመለስኳቸው ሽማግሌ፣ አነሡ።

"ማን ነገረው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"አንተ ልጅ፣ ስትሰማም ብቻህን፣ ስታሰማም ብቻህን" አሉኝና፣ "እኔ ጉልበቴ አይችልም፣ ሂትሮው ድረስ አብረኸው ሂድ፤ በመንገድ እንዳትለየው" ብለው ዘጉት። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት!

ሂትሮው የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የአዲስ አበባን በረራ ሰልፍ ለማግኘት ምልክት ማንበብ አያስፈልግም፤ ሻንጣውን አይቶ መሄድ ነው። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሻንጣ፣ በገመድ የታሰረ ካርቶን፣ ወለል ላይ ተዘርግፎ እንደገና የሚታሸግ ልብስ፣ "ሁለት ኪሎ ብቻ ውሰጂልኝ" እያለ የሚለምን ሰው። ሰልፉ እንደ እባብ ተጣጥፎ አዳራሹን ሞልቶታል። መጨረሻው ላይ ቆምን።

ከፊታችን በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ አንዲት ወጣት ልጅ ትገፋቸዋለች፣ የልጃቸው ልጅ ትሆናለች። ዞር ብለው ጓደኛዬን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ያችን ትንሽ ቦርሳ አዩ።

"ልጄ፣ ሻንጣህ የት አለ?"

"ይቺው ነች፣ እማማ።"

"ሌላ የለህም?"

"የለኝም።"

እማማ ፊታቸው ተለወጠ። ከዚህ አገር ተነሥቶ ያለ ሻንጣ ወደ አገሩ የሚሄድ ሐበሻ የለም፤ ለማን ምን ሳይዝ? ባዶ እጁን የሚሄድ በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። ሰልፉ ውስጥ ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል።

"ማን ሞተብህ?" አሉት።

ጓደኛዬ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጣት። "አባቴ" አለ። "አባዬ..."

እማማ ከወንበራቸው ተነሡ። በእግራቸው! ልጅቷ "አያቴ፣ ፕሊዝ፣ ቁጭ በይ" ስትል አልሰሟትም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወየው ልጄን! ወየው ያባት ነገር!" ሲሉ ሰልፉ ፈረሰ። ካርቶኑን የሚያስረው ገመዱን ጥሎ መጣ፣ ኪሎ የምትለምነዋ ሻንጣዋን ትታ መጣች። አንድ ግዙፍ ጎልማሳ ከኋላው ወገቡን አቀፈው፤ ጓደኛዬም ሙሉ ክብደቱን ለቀቀበት። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ በእጁ ተሸክሞት የዋለውን ነገር የሚያስቀምጥበት አገኘ። አለቀሰ። እንደዚያ ሲያለቅስ ሃያ ዓመት አይቼው አላውቅም። የአየር ማረፊያው ሠራተኞች ሮጠው መጡ፤ ልጅቷ በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው፣ ራቅ ብለው ቆሙ። "ወንበሩ የት ነው? ከጎኑ እኔ እቀመጣለሁ፣ እቀይራለሁ" ይላል አንዱ። "ቦሌ ወንድሜ መኪና ይዞ ይቀበለኛል፣ ደብረ ብርሃን እኛ እናደርሰዋለን" ትላለች አንዷ።

ከዚያ ደግሞ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። "ማነው የነገረው?"

እጄን አወጣሁ፣ ክፍል ውስጥ እንዳጠፋ ተማሪ።

"ለብቻው? እንዴት ጨከንክ!" አለችኝ አንዷ። "ደግ አደረገ እንጂ፣ አባቱን ይቀብር" አለ ጎልማሳው። "መቅበሩ ይሁን፣ ግን ሰው አይጠራም?" "ሐሙስ ቀን ሰው ከየት ያመጣል?" እኔን ትተው እርስ በርስ ተከራከሩ። የሁለቱም ወገን እውነት ነበረ፤ እኔ ራሴ ከጠዋት ጀምሮ በሁለቱ መካከል ስመላለስ ነበር የዋልኩት። ጥቂት ፈንጠር ብዬ፣ የጓደኛዬን ስልክ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

እማማ አዩኝ።

"አንተስ ምኑ ነህ?"

"ጓደኛው ነኝ።"

"ታዲያ ምን ቆመህ ታያለህ? ና እንጂ!"

ክንዴን ይዘው ወደ መሐል ሳቡኝ። ደርቀው የከሱ፣ ግን ብርቱ እጆች ነበሯቸው። ጎልማሳው በአንድ እጁ ጓደኛዬን እንደያዘ በሌላው እኔን አቀፈኝ። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ግንባሩን ግንባሬ ላይ አደረገ። "የእናቴን ሞት ያን ጊዜ ደበቅህብኝ ብለህ ስድስት ዓመት ስታየኝ ኖርክ" አለኝ በጆሮዬ። "ይቅር በለኝ። መንገር ፈልጌ ነበር፤ ብቻዬን አልሆንልኝ አለ።"

ጉሮሮዬ ላይ የነበረው ነገር ያኔ ተነቀለ። "እማዬ!" ብዬ ጮኽኩ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሂትሮው አየር ማረፊያ፣ የአውቶቡስ ነጂ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ። "እማዬ! እማዬ!" ራሴን ማቆም አልቻልኩም።

ሰዎቹ ግራ ተጋቡ። አባት አይደል እንዴ የሞተው?

"እናትህ ደግሞ መቼ ነው?" አሉኝ እማማ።

"ስድስት ዓመት ሆናት።"

አንዱ "ስድስት ዓመት?" ሲል ሰማሁት፤ የታዘበኝ መሰለኝ። እማማ ግን አልተገረሙም። ራሴን ወደ ትከሻቸው አስጠግተው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፊቴ ላይ አደረጉት።

"እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ" አሉኝ፣ ዛሬ ጠዋት የሞተች ያህል። "አልቅስ። ሰልፉ እንደሆነ ገና ነው።"